የሲናትራ የቴሌቪዥን ኮንሰርቶች፦ አባቴ ያየው የትኛውን ነው?

የአራዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

የምጠይቃችሁ ስለ አሜሪካዊው ዘፋኝ ፍራንክ ሲናትራ ነው። ስለ ሸክላዎቹ ሳይሆን በቴሌቪዥን ስላቀረባቸው ልዩ ኮንሰርቶች። አባቴ ከነዚያ አንዱን ደጋግሞ አይቶታል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አያውቅም። እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈልጌ አጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ የጤና ባለሙያ ነው፣ ዘንድሮ 76 ሞላው። የተማረውም የሠራውም እዚሁ ጎንደር ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ለወዳጆቹ አካፈለና ለአባቴ አንድ የቪዲዮ ካሴት ደረሰው። ከአሜሪካ የመጣ ነው። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ሲናትራ» ከሚለው በቀር ምንም አልተጻፈበትም። አባቴ ቅዳሜ ማታ፣ እኛ ራት በልተን ካበቃን በኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያያት ነበር። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፤ ትዝ የሚለኝ ጭሱ ብቻ ነው። ሰውየው ቁጭ ብሎ፣ ሲጋራ በጣቱ ይዞ፣ ከጎረቤቱ ጋር እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብሎ ይዘፍናል፣ ጭሱ ፊቱ ላይ ይሄዳል።

ካሴቷ ዛሬ የለችም። ያጠፋኋት እኔ ነኝ። በ1992 እህቴ ስታገባ ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው «ግልባጭ የምቀዳበት ካሴት አምጡ» ሲል መሳቢያ ውስጥ ያገኘሁትን አንሥቼ ሰጠሁት። የእህቴ ሠርግ ሲናትራ ላይ ተቀዳ። አባቴ ሲሰማ አልተቆጣም፤ «በቃ፣ የልጄ ሠርግ ነው» አለና ወጣ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ቡና እየጠጣን ድንገት «ያ ጊታር የሚመታው ዝምተኛ ሰው ማን ነበር?» አለኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አንሥቶት አያውቅም። ጆሮው አሁን ደከም ብሏል፣ ዓይኑ ግን ደህና ነው። ሳይመሽ ባሳየው ደስ ይለኛል።

የሚያስታውሰውን ልንገራችሁ። ጊታር የያዘ ሰው ከሲናትራ ጎን ይቀመጣል። አንዲት ጥቁር ሴት ዘፋኝ አለች፣ እሷ ስትገባ ሲናትራ ራሱ ፊቱ ይበራል ይላል። ስለ ወንዝ የሚዘፍነው አንድ ዘፈን አለ፣ አባቴ እሱ ጋ ሲደርስ ጠምዝዞ ይመልሰው ነበር። ሌላው ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው ብሎ ይምላል ይገዘታል። እኔ ጥቁርና ነጭ የሆኑትን ሁሉ አየሁ፣ ጊታረኛ ያለበት አላገኘሁም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።


ካሴት ወዳጅ

እህቴ፣ አባትሽ ያዩት እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 1967 በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን የተላለፈው ነው። በእኛ ኅዳር 3 ቀን 1960 መሆኑ ነው። ጊታር የያዘው ብራዚላዊው አንቶኒዮ ካርሎስ ጆቢም ነው፤ ያቺ ሴት ደግሞ ኤላ ፊትዝጄራልድ ናት። ኦርኬስትራውን የሚመራው ኔልሰን ሪድል ነው። ሲጋራውም፣ መቀመጡም፣ ጊታሩም አንድ ቦታ የሚገናኙት እዚህ ብቻ ነው፣ አልጠራጠርም።

ጥቁርና ነጭ ነው ማለታቸው ደግሞ ልክ ናቸው፣ አልተሳሳቱም። ዝግጅቱ ግን ባለቀለም ነው። እንዴት ሁለቱም እውነት ይሆናል ካልሽ፣ የአሜሪካ ካሴት የሚቀዳበት የቀለም ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ይባላል፤ የእኛ አገር ቴሌቪዥን የሚሠራበት ፓል ነው። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ዴክ ሁለቱንም ያነብ ነበር። ሥዕሉን ያወጣዋል፣ ድምፁንም ያወጣዋል። ቴሌቪዥኑ ግን ፓል ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ቀለሙን መፍታት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ባለቀለም ቴሌቪዥን ላይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይመጣል። እኔ ራሴ ዘመድ ከአሜሪካ የላከልንን የሕፃን ልደት እንደዚያ አይተነዋል፣ ኬኩ ግራጫ ነበር። ባለቀለም መሆኑን ያወቅነው ልጁ አድጎ ሲመጣ ነው።

ከልብ ጥቁርና ነጭ የሆኑት የ1950ዎቹ ናቸው። በኤቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ያቀረበው ሳምንታዊ ፕሮግራም አለ፣ በ1960 ደግሞ ዘፋኙ ኤልቪስ ፕሪስሊ ከውትድርና ሲመለስ የተቀበለበት አለ። ያየሻቸው እነሱ ይሆናሉ። ጥሩ ናቸው፣ ግን ብዙ ወሬና ጨዋታ ይበዛባቸዋል፣ ዘፈኑ በመሃል ነው የሚመጣው።

የ1967ቱ ሌላ ነገር ነው። ሲናትራና ጆቢም በዚያው ዓመት መጀመሪያ አንድ አልበም አብረው ቀርጸው ነበር፣ ቴሌቪዥን ላይ የቀረበው የሱ ቅንጫቢ ነው። ጆቢም በመሠረቱ ፒያኖ ተጫዋች ነው፣ እዚያ ግን ጊታሩን አቅፎ ነው የተቀመጠው። ሲናትራ ከሱ ጋር ሲዘፍን ድምፁን በጣም ነው ዝቅ የሚያደርገው። ትልቅ ባንድ አስነሥቶ አዳራሽ የሚያናውጥ ሰው መሆኑን ስታውቂ ያ ዝቅታ ይደንቅሻል። አባትሽ ድምፁን ዝቅ አድርገው ያዩት የነበረው ለናንተ እንቅልፍ ብለው ብቻ አይመስለኝም፣ ያ ክፍል እንደዚያ ነው የሚሰማው።

ኤላና ሲናትራ በሕይወታቸው አንድም አልበም አብረው አልሠሩም። እንደዚያ ጎን ለጎን ቆመው ሲዘፍኑ የምታይው ቴሌቪዥን ላይ ነው። ስለዚህ ያቺ አንድ ሰዓት ለኛ ለወዳጆቹ ትልቅ ነገር ናት።


ማራኪ ሰፈር

ካሴት ወዳጅ ትክክል ነው፣ የ1967ቱ ነው። ግን አባትሽን በሱ ከመለስሻቸው በኋላ እባክሽ የ1965ቱንም አሳያቸው። እኔ ለሰው ሁሉ የምለው ከሱ ጀምሩ ነው።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1965 ነው የተላለፈው፣ ኅዳር 15 ቀን 1958 በእኛ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንግዳ የለም። ኮሜዲያን የለም፣ ጭፈራ የለም። አንድ ሰው፣ ኦርኬስትራ፣ ማይክ፣ በቃ። በዚያን ጊዜ አንድ ዘፋኝ ብቻውን ሰዓቱን ይይዛል ብሎ መገመት ድፍረት ነበር። ኤሚና ፒቦዲ የሚባሉትን የቴሌቪዥን ሽልማቶች አግኝቷል። እኛ አገር ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ከተጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፣ እሱንም የሚያዩት አዲስ አበባ ያሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ጎንደር ውስጥ ይህን ያየ ሰው የሚኖር አይመስለኝም። እኛ የደረስንበት ከ50 ዓመት በኋላ ነው፣ ግን የቀዘቀዘ ነገር አይደለም።

በሱ ላይ የማልረሳው ነገር ይሄ ነው። ቀረጻው በመጀመሪያው ቀን አልተሳካም፣ ጉንፋን ይዞት ነበር። ቀረጻውን አይቶ አልወደደውም፣ ሌላ ቀን እንደገና ሠሩት። 50 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ነው የቀሩት። ያን ሁሉ ስም ይዞ «ይበቃል፣ ሕዝቡ አያውቀውም» ማለት ይችል ነበር። አላለም። እኔ የእንጨት ሥራ ነው የምሠራው፣ ጠረጴዛ ስር ማንም የማያየውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት የሚያሻሽ ሰው እወዳለሁ።

ሁለት መሪ ነው ያለው። ኔልሰን ሪድል ሲመራው ባንዱ ይራመዳል፣ እግርሽን ታወዛውዢያለሽ። ጎርደን ጄንኪንስ ሲመጣ ባለክር መሣሪያዎቹ ይበዙና ነገሩ ያዝናል። በጄንኪንስ ክፍል 17 ዓመቴ፣ 21 ዓመቴ፣ 35 ዓመቴ እያለ ዕድሜውን የሚቆጥርበት ዘፈን አለ። ያን ሲል ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆያል። ካሜራው አይሸሽም፣ እሱም አይሸሽም። አባትሽ በ76 ዓመታቸው ያን ዘፈን ሲያዩ አብረሻቸው ተቀመጪ።


የማሲንቆ ልጅ

ሁላችሁም ስለ ዓመተ ምሕረቱ ነው የምታወሩት፣ እኔ ግን የአባትሽ ጣት ነው የያዘኝ። ስለ ወንዝ የሚዘፍነው ጋ ሲደርሱ ጠምዝዘው ይመልሱት ነበር አልሽ አይደል። ለምን ይመስልሻል?

እኔ ከአዝማሪ ቤት ነኝ። አባቴም አያቴም ማሲንቆ ይዘው ነው ያደሩት፣ እኔ ሙያውን ባልቀጥልም ጆሮዬን ሰጥተውኛል። አባቴ ለተማሪዎቹ መጀመሪያ የሚያስተምረው የማሲንቆውን ምት አልነበረም። ትንፋሽ ነው። «ቃሉን ከመሃሉ አትቁረጠው» ይላል። ምክንያቱ ለጎንደሬ ግልጽ ነው፦ ሰምና ወርቅ ያለበትን ስንኝ ያለቦታው ከተነፈስክበት ኅብረ ቃሉ ለሁለት ይሰበራል፤ ሰሙ ይቀራል፣ ወርቁ ይጠፋል። ሰሚው የሚስቅበትም የሚያለቅስበትም ነገር በትንፋሹ ቦታ ላይ ነው ያለው።

ሲናትራን መጀመሪያ ያየሁት የዛሬ አሥር ዓመት ግድም አንድ ጓደኛዬ ስልክ ላይ ነው። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይደለም። ግን አምስት ደቂቃ ሳልቆይ «ይሄ ሰው አዝማሪ ነው» አልኩ። የሚተነፍሰው ዜማው ሲያልቅ ሳይሆን ነገሩ ሲያልቅ ነው። ለሱ ዓረፍተ ነገር ከዜማ ይበልጣል።

ያ የወንዙ ዘፈን የጥቁር ወዛደሮችን ድካም የሚናገር የቆየ ዘፈን ነው። አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከጠጣህ እስር ቤት ነህ ይላል፣ እዚያ ድምፁ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ሌላ ዘፋኝ እዚያ ያርፋል፣ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ደከመኝ ወደሚለው ስንኝ ያልፋል። ሲናትራ አይተነፍስም። ያንኑ የወረደውን ድምፅ ሳይለቅ ይዞት እየጎተተ ወደ ላይ ይወጣና ደከመኝ ውስጥ ይገባል። እስሩና ድካሙ አንድ ትንፋሽ ላይ ይውላሉ። ትርጉሙ እዚያ ነው ያለው፤ ሰውየው ከእስሩ ወደ ድካሙ እንኳ ዕረፍት የለውም።

ይሄን ያመጣው ዝም ብሎ አይደለም። ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1942፣ የቶሚ ዶርሲ ባንድ ውስጥ ነበር። ዶርሲ ትሮምቦን ሲነፋ መቼ እንደሚተነፍስ አይታወቅም ነበርና ሲናትራ ከኋላው ተቀምጦ ጀርባውን ያይ ነበር። ሳንባው እንዲሰፋ ውኃ ውስጥ ጠልቆ ይዋኝ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ከሸክላ አይታይም፣ የቴሌቪዥኑን ኮንሰርት የምወደው ለዚህ ነው። ደረቱን ታያለሽ። ትከሻው አይነሣም። ማይኩን ከአፉ ራቅ የሚያደርግበትን ጊዜ ታያለሽ፣ አየር የሚስበው ያኔ ነውና እንዳይሰማ።

አባትሽ ይመልሱት የነበረው ትንፋሹን ፈልገው ይመስለኛል። ስታሳያቸው ጠይቂልኝ።


አዘዞ

እኔ ሲናትራን አልጠላም፣ ግን ከጥላሁን ገሠሠ ጋር ላስተያይ ፍቀዱልኝ። ጥላሁን ሲዘፍን መላ አካላቱ ነው የሚዘፍነው፣ ላቡ ይወርዳል፣ አንዳንዴ እንባውም። ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጀምሮ ያለው ያ ኃይል ነው እኔን የሚነካኝ። ሲናትራ ይቆጥባል። የ1967ቱን ግማሽ አይቼ «መቼ ነው የሚነሣው?» እያልኩ ነበር።

እ.ኤ.አ. የ1974ቱን ግን ወድጄዋለሁ፣ ማንም ስላላነሣው ነው የጻፍኩት። ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ መሃል ላይ የቦክስ ሪንግ የመሰለ መድረክ፣ ሕዝቡ በአራቱም ማዕዘን። ስፖርት ዘጋቢው ሃዋርድ ኮሴል ነው እንደ ቦክሰኛ የሚያስገባው። በቀጥታ ስርጭት ነው፣ ስህተት ቢመጣ መመለሻ የለም። ጥቅምት 3 ቀን 1967 በእኛ ሲሆን፣ እዚህ ንጉሡ ከወረዱ ገና ወሩ ነው። ድምፁ ሻክሯል፣ እሱም ያውቃል፣ ግን ይታገላል። ያ ትግል ደስ ይለኛል።


ማራኪ ሰፈር

አዘዞ፣ ከጥላሁን ጋር ማንም አይፎካከርብህም፣ እኔም የሱ ነኝ። ግን የ1974ቱ ላይ አልስማማም። ድምፁ መሻከሩ አይደለም ችግሩ፣ ጩኸቱ ነው። ሕዝቡ በዝቷል፣ መብራቱ በዝቷል፣ ባንዱ ይሮጣል። በ1971 አቁሜያለሁ ብሎ በ1973 ሲመለስ የሠራው የቴሌቪዥን ኮንሰርት አለ፤ ዳንሰኛውና ተዋናዩ ጂን ኬሊ እንግዳ ሆኖ የመጣበት። ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ ነው፣ ጥንቃቄው ይታያል። ድምፁ አርጅቶ እንዴት እንደሆነ ማየት የፈለገ እሱን ይይ። ትግሉም አለበት፣ ግን በቀስታ ነው።


የአራዳዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ካሴት ወዳጅ፣ ያንን የፓልና የኤንቲኤስሲ ነገር ለአባቴ ሳነብለት ለብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ዴኩ ጃፓን ሠራሽ ነበር፣ ሁለቱንም ያነብ ነበር» አለ። ዴኩን እንጂ ቴሌቪዥኑን አላሰበውም። የጻፍከው ሁሉ ልክ ነው።

የሚቀር አንድ ጥያቄ አለኝ። ስልክ ላይ አላሳየውም፣ በትልቁ ቴሌቪዥን ነው የምፈልገው፤ ኔትወርኩ ደግሞ ይቆራረጣል። እንዴት አድርጌ ነው?


ካሴት ወዳጅ

ማታ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አውርጂው፣ ያኔ ኔትወርኩ ይለቃል። ካልሆነ ፒያሳ ፍላሽ ላይ የሚጭኑ ልጆች አሉ፣ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ጽፈሽ ስጫቸው። ጥራቱ ከፍ ያለውን አስመርጪ፤ የተሰነጣጠቀ ቅጂ ብዙ ነው። የአባትሽ ጆሮ ደከም ካለ ደግሞ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አትመኚው፣ ከኋላው ነው የሚያወጣው፤ ትንሽ ስፒከር ተውሰሽ ከወንበራቸው አጠገብ አድርጊው። መብራት የሚሄድበትን ሰዓትም አስቢበት።


የአራዳዋ

ትናንት ቅዳሜ አየነው።

መብራት ጠፍቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መጣ። ስፒከሩን ከወንድሜ ተዋስኩ። እህቴም ከነልጆቿ መጣች፣ ካሴቷ ላይ የተቀዳችው ሙሽራ። አባቴ ጋቢውን ለብሶ ተቀመጠ። ምንም አልነገርኩትም፣ ከፈትኩት ብቻ።

መጀመሪያ ያለው «ቀለም አለው» ነው። ከዚያ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ አየውና «ዓይኑ ሰማያዊ ነው እንዴ?» አለ። ስንትና ስንት ቅዳሜ ያየውን ሰው የዓይኑን ቀለም አያውቀውም ነበር። በዚያ ዓይኑ መጠሪያ እንደወጣለት፣ ዓለም በሱ እንደሚያውቀው ነገርኩት። «እኔ ግራጫ መስሎኝ» አለ። ልጆቹ ሊስቁ ሲሉ እህቴ በዓይኗ ያዘቻቸው።

ጆቢም ሲመጣ «እሱ ነው፣ ዝምተኛው» አለ። ጭሱ እኔ እንደማስታውሰው ነው። ኤላ ስትገባ ደግሞ የሲናትራን ሳይሆን የአባቴን ፊት ነው ያየሁት። ቃል ትታ በድምፅ ብቻ ስትሄድ «ይቺ ማሲንቆ ናት» ብሎ ጭኑን መታ። የማሲንቆ ልጅ፣ ያንተን መልስ አላነበብኩለትም ነበር፣ እወቅልኝ።

የወንዙን ዘፈን ግን እንዴት አድርጌ እንደምነግራችሁ አላውቅም። መጀመሪያ ላይ ነው የሚመጣው፤ ለብቻው ላወራው ብዬ ነው እዚህ ያደረስኩት። ገና ሲጀምር አባቴ ቀኝ እጁን ከጋቢው አወጣ። ድምፁ ወደ ታች ሲወርድ አመልካች ጣቱን አነሣ። ሁላችንንም ዝም በሉ ያለ መስሎኝ ነበር። ጣቱን አነሣና አቆየው። ሲናትራ ያንን የወረደውን ድምፅ እየጎተተ ሲወጣ ጣቱ እንደቆመ ነው፣ እሱም አይተነፍስም። ደከመኝ የሚለው ስንኝ አልቆ ሲናትራ አየር ሲስብ አባቴም ሳበ፣ ጣቱን አወረደ።

«የሳንባ ሥራ ነው» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ደረት ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነው። ያ የውጭ አገር ሐኪም ካሴቷን ሲሰጠው «አንተ ትንፋሽ ትሰማለህ፣ ይሄንን ስማ» ብሎት ነበር። ይህን ከዚያ በፊት ለማናችንም ነግሮን አያውቅም።

ከዚያ ሪሞቱን ስጪኝ አለ። የት ቦታ ተጭኖ እንደሚመለስ አሳየሁት። ሦስት ጊዜ መለሰው።

ማራኪ ሰፈር፣ የ1965ቱን ዛሬ ሌሊት እያወረድኩ ነው።